አረንጓዴው ይረሳል

ዳኜ የሚስቱን ቃል የሰማው ከወንድሙ ልጅ አፍ ነው። የጥር ማርያም ዕለት ጠዋት፣ ፀሐይ ገና የፉሪን ጋራ አናት ስትነካ፣ የታላቅ ወንድሙን የማሞን መኪና ለንግሥ ሊያጥብ ውኃ የሞላ ባልዲ ይዞ በሳሎኑ መስኮት ሥር ያልፍ ነበር። መስኮቱ ገርበብ ብሏል። «ዳኜዬ... ሄርሜላ ጥርሷን... ነቀለች...» ትላለች ቤተልሄም፤ የምታነበው በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ስለሆነ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ትንተባተባለች። «የላዩን ነው የታቹን?» አለች እናቷ ዓለሚቱ። «እሱን አልጻፈችም እማዬ።» «ጥርሱን ተይውና ዋናውን አምጪ» አለ ማሞ፣ ሻዩን ፉት ብሎ። ዳኜ ባልዲውን መሬት ሊያስቀምጥ ፈለገ፤ ግን እጀታው እንዳይንኳኳ ፈርቶ እንዳንጠለጠለው ቀረ። ሰው የገዛ ሚስቱን ቃል ለመስማት እንደ ሌባ በሰው መስኮት ሥር ይቆማል? ቆመ።

ቤተልሄም ዋናውን አመጣች። የለተሚካኤል መልእክት አጭር ነበር። ሰንዓ ያለው ወንድሟ ወደ ካናዳ የሚያሻግሩ ሰዎች አግኝቷል፤ ነገ ጠዋት ከልጅቷ ጋር ቀርባ ትፈርማለች፤ ባል አለሽ ወይ ብለው ይጠይቋታል። «እመጣለሁ ካልከኝ ባል አለኝ ብዬ እዚሁ እጠብቅሃለሁ። ዝም ካልክ ግን ብቻዬን ነኝ ብዬ እፈርማለሁ፤ ከፈረምኩ በኋላ መመለሻ የለውም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ወንድሜ በሚሠራበት ሆቴል፣ ኮምፒዩተሩ አጠገብ ነኝ።» ቤተልሄም እዚህ ላይ ድምፅዋ ቀጠነ። ዓለሚቱ «ውይ!» አለች፤ የሬዲዮ ድራማ ስትሰማ የምትለው ውይታ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም፣ ከዚያም አያንስም። እነሱ ማፈር ሲገባቸው ያፈረው ዳኜ ነው። በእግሩ ጣት እየረገጠ ወደ መኪናው ሄደ። ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ ቀጥሎ የተባለውን ይሰማ ነበር። የድሃ ዘመድ ነገር እንዲህ ነው፤ ሲሰድቡት ቆሞ ይሰማል፣ ሲሸጡት ግን ጨዋነት ይዞት ይሄዳል።

ለተሚካኤል ከአስመራ ሰዎች ወገን ትወለዳለች እንጂ አስመራን የምታውቀው በእናቷ ወሬ ብቻ ነበር። ተወልዳ ያደገችው ጎፋ ነው። ጦርነቱ የተነሣ ጊዜ በአንድ የክረምት ንጋት ፖሊሶች ስሟን ጠርተው መጡ፤ ሄርሜላ የእናቷን ቀሚስ ይዛ አልለቅም ብላ ስትጮህ አብረው ወደ አስመራ ጫኗቸው። ዳኜ በዚያ ዝናብ ከጎፋ እስከ ላፍቶ ሮጦ የወንድሙን የብረት በር ደበደበ። ማሞ ሰው ያውቃል፣ ከትልልቆች ጋር ይበላል፣ አንድ ቃል ቢናገር ይሆናል ብሎ ነው። በሩ አልተከፈተም። «ዳኜ፣ ታስጨርሰናለህ፤ ሂድ» የሚል ድምፅ ብቻ በበሩ ሥር ወጣ። የቀበሌዋ ቤት በሚስቱ ስም ነበረችና ቤቷም ተወሰደችበት። ያን ጊዜ ነው ማሞ «ወንድሜን ሜዳ ላይ አልጥልም» ብሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ብሎ፣ ከቪላው ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል የሰጠው። የቤት ቀጋ የውጪ አልጋ ማለት ለማሞ የተባለ ነው። ዳኜም ከጋራዥ ሲመለስ መኪና ያጥባል፣ በር ይከፍታል፣ ንግሥና ሠርግ ሲሆን ቤት ይጠብቃል። አዲስ ነገር አይደለም። ማሞ ራሱ ሲሞሸር እንኳ ሚዜ መሆን የሚገባውን ወንድሙን ነበር መኪና ያስጠበቀው። ከዚያም በፊት፣ «አንዳችን ከተማርን ለሁላችንም ነው» ተብሎ ዳኜ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ ወፍጮ ቤት ገባ፤ ማሞ ተማረ። ያ ለሁላችንም የተባለው ነገር እስከ ዛሬ የሁላችንም አልሆነም።

ኮምፒዩተሩን ማሞ የገዛው ከዱባይ ለሚያስመጣው ጎማ ነው። ኢንተርኔትም ያስገባው ለዚያው ነው፤ ለሰዓቱ የሚከፈለውን እየጠቀሰ ከእንግዳ ሁሉ ጋር ያወራል፣ ስለ ልጁ ትምህርት ያን ያህል አያወራም። በማሽኑ የምትሠራለት ግን ልጁ ቤተልሄም ናት፤ ኮምፒዩተር ተምራለች። ይቺ ልጅ ናት ለዳኜ ያዘነችለት። ለተሚካኤል ከአስመራ ወንድሟ ወዳለበት ሰንዓ ከተሻገረች በኋላ፣ አንድ ከዚያ የመጣ ሾፌር ኢሜይሏን በሲጋራ ፓኮ ጀርባ አምጥቶለት ነበር። ቤተልሄም ለአጎቷ የፖስታ ሣጥን ከፈተችለት፣ ፓስወርዱን በልጁ ስም አደረገችለት፣ አድራሻውን ወደ ማሽኑ ገለበጠችና ፓኮውን ራሷ ቀደደችው። «ወረቀት ይገኛል አጎቴ፤ በቃልህም አትያዘው፣ ያመልጥሃል። እዚህ ውስጥ ግን ከእኔና ከአንተ በቀር የሚገባ የለም» አለችው። ለተሚካኤልም በበኩሏ የሆቴሉን ስም አልነገረችውም፤ «ባታውቀው ለሁላችንም ይሻላል» ብላለች። ጊዜው እንደዚያ ነበር። ሰው ከሚወደው ይልቅ የሚደብቀው ይበዛል።

ወደ ሀና ማርያም ለመሄድ ሲወጡ ዓለሚቱ አዲሱን ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ገባች፣ ማሞ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ መሪውን ያዘ። ቤተልሄም የጫማዋን ማሰሪያ የምታስር መስላ ከበሩ ዘንድ ጎንበስ አለች።

«አጎቴ፣ ሰምተኸናል አይደል? መስኮቱ ሥር ውኃ ተንጠባጥቧል።»

«ማን አሳያቸው ቤቲ?»

«ማንም አላሳያቸውም። ሰማያዊው ነው የከዳን።» ወደ መኪናው ዘወር ብላ አየች። «ወደ ኢንተርኔት የሚያስገቡ ሁለት ብራውዘሮች አሉ ብዬህ አልነበር? ሁለት በር በላቸው። ሰማያዊው አዲስ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ግን አንዴ የነገርከውን አይረሳም። የመጀመሪያዋን ፊደል ስትነካለት ስሙንም ፓስወርዱንም ራሱ ይሞላዋል። አባዬ ትናንት የጎማውን ዋጋ አያለሁ ብሎ አንድ ፊደል ሲነካ ያንተ ፖስታ ፊቱ ቁጭ አለለት። አረንጓዴው አሮጌ ነው፣ ያንቀላፋል፣ ግን ሲዘጋ ሁሉን ይረሳል። ማን ገባ፣ ምን ጻፈ፣ አያውቅም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን በሰማያዊው አስገባሽኝ?»

«ስለሚፈጥን ነዋ! በሰዓት ነው የሚቆጥረው፣ አባዬ ሂሳቡን ያያል።» ዓይኖቿ ውኃ ሞሉ። «ዛሬ ብትገባ በአረንጓዴው ግባ። ሰማያዊውን እንዳትነካው። በማርያም አጎቴ፣ እንዳትነካው።»

«አንቺ! ታቦቱ አንቺን ይጠብቃል እንዴ?» ብሎ ማሞ ጥሩንባውን ነፋ። ልጅቷ ፊቷን ሳትመልስ ሮጣ ገባች። መኪናው የነቀጄላን የሽምብራ ማሳ ጥግ ይዞ በአቧራ ውስጥ ሲሰወር ዳኜ በሩን ዘጋና መቀርቀሪያውን ወረወረ። የሚረሳ በረኛ! እሱ ራሱ ስንት ዓመት በረኛ ሆኖ አንድም ነገር መርሳት አልቻለም። አንዳንድ አሮጌ መኪና አለ፣ በዳገት የሚያቃስት፣ ግን በመንገድ ጥሎህ የማይሄድ። አረንጓዴውም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበና ልቡ ትንሽ ረጋ። የሚጽፈውን ያውቃል። በጂቡቲ በኩል የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ለመውጣት ከአንድ ሾፌር ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። የሚቀረው «እመጣለሁ» የሚል አንድ ቃል ሰንዓ ማድረስ ነው።

ጫማውን አውልቆ ወደ ሳሎኑ ገባ። ሶፋዎቹ ከተገዙበት ላስቲክ እንዳልወጡ ነው፤ እንግዳ ሲቀመጥባቸው ይጮኻሉ። ቁምሳጥኑ ውስጥ የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ስልኩ በእንጨት ሣጥን ተቆልፎ ቡፌው ላይ ተቀምጧል፤ ቁልፉ ከዓለሚቱ ማተብ ጋር አንገቷ ላይ ይውላል፤ ሌላ እጀታ ደግሞ መኝታ ቤት ውስጥ አለ፣ ለእሷ ለብቻዋ። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል። ኮምፒዩተሩም ዳንቴል ለብሷል፤ ዓለሚቱ ለብቻው የሠራችለት፣ ጠርዙ ሮዝ የሆነ። ዳኜ ዳንቴሉን እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ገለጠና አጣጥፎ ሶፋው ላይ አኖረው። ማሽኑ የስልክ መስመር ሲፈልግ እንደሚታረድ ዶሮ ጮኸ። የአረንጓዴውን ምልክት ሁለቴ ነካው።

አረንጓዴው አንቀላፋ። ገጹ ከላይ ወደ ታች፣ መጋረጃ የሚወርድ ይመስል፣ በክር በክር ወረደ። ስሙን ጻፈ። የልጁን ስም ጻፈ። ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ እንግሊዝኛው ባይገባውም ቀይ መሆኑ ገባው። ጣቴ ከብዶ ነው አለ። ጋራዥ የዋለ ጣት አንዱን ሲነካ ሁለቱን ይጫናል። እጁን በሱሪው ጠርጎ በስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ እየነካ ጻፈ። ቀይ። በትልቁ ፊደል ሞከረ፣ ቀይ። ሄርሜላ በገዛ አባቷ ላይ በሩን ዘጋችበት። ውጭ ከሩቅ የከበሮና የእልልታ ድምፅ ይመጣል፤ ታቦቱ ወጥቷል ማለት ነው። ታቦቱ ሲገባ እነማሞ ይመለሳሉ። ዳኜ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቀዩን ሲያይ፣ ቀስ እያለ፣ ባትሪው እንደደከመ መኪና እየተንተፋተፈ፣ አንድ ነገር ይነሳበት ጀመር። ቤተልሄም በሩ ላይ ዓይኑን አላየችውም። አረንጓዴው ይረሳል ብላዋለች። የሚረሳ በር ደግሞ ቁልፍ የሌለውን ሰው አያስገባም። ማሞ ጠዋት ቁልፉን አስቀይሮ ከሆነ፣ አዲሱን የሚያውቅ ሰማያዊው ብቻ ነው። እንዳትነካው ብላ በማርያም የለመነችው ምን እንዳያይ ነው?

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ሰማያዊውን ቢነካ የሚጽፈው ሁሉ ለማሞ ይቀመጥለታል። ባይነካ ለተሚካኤል ነገ ጠዋት ብቻዬን ነኝ ብላ ትፈርማለች። ነካው። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ገና ሲጫን ቀሪው ራሱ ተደረደረ፤ ሥሩም በኮከብ ተሞላ። እሱ የሚያውቀው አጭር የኮከብ መስመር ነበር፤ አሁን ግን ኮከቦቹ ከሣጥኑ ሊፈስሱ ደርሰዋል። አዲሱ ፓስወርድ እፊቱ ነው፣ አንዱንም ፊደል አያየውም። በሩ ግን ተከፈተ። በገዛ ቤቱ፣ በሌላ ሰው ቁልፍ፣ እንደ እንግዳ ገባ።

ከተላኩት መካከል አንድ እሱ የማያውቀው መልእክት አለ። ዛሬ ጠዋት የተላከ ነው። በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። «ለለተሚካኤል። እኔ ሌላ ኑሮ ጀምሬአለሁ። አግብቻለሁ። አንቺም በፈለግሽው ፈርሚ። ከእንግዲህ አትጻፊልኝ፤ ቤተሰቤን ችግር ላይ ትጥያለሽ። ዳኜ።»

እንደገና አነበበው። ጣቱ የቤተልሄም ነው፣ አፉ የማሞ። ባልዲውን ይዞ ሲርቅ ያመለጠው ይህ ነበር። እሱ ሚስቱን አንድ ቀን ለተሚካኤል ብሎ ጠርቷት አያውቅም፤ ለተ ነው የሚላት። ግን ማን ይፈርዳል? ታላቅ ወንድም እንደ አባት ነው፣ በታናሹ አፍ ይናገራል። ማሞ አገር ቤት ለዘመድ ሲጽፍ ሁልጊዜ «ዳኜም እንደዚሁ ሰላም ይላል» ብሎ ነበር የሚጨርሰው፤ አንድ ቀን ዞር ብሎ ዳኜ ሰላም ትላለህ ወይ ብሎ አልጠየቀም። የአባታቸው መሬት ሲከፈል «ዳኜም ተስማምቷል» አለ። ዳኜም ያን ሁሉ ጊዜ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም እያለ ዝም አለ። ይኸው የዝምታው ሰብል ታጭዶ ስክሪኑ ላይ ቆሟል።

«ለተ እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። ማሞ ነው። እመጣለሁ። ጠብቂኝ።» ይህችን ለመጻፍ ግማሽ ቀን የፈጀ መሰለው። ላከው። ከዚያ ገጹን ቤተልሄም እንዳሳየችው እያደሰ ጠበቀ። የማሽኑ ሆድ ያጉረመርማል። ከእልልታው ጋር አሁን የሆታ ድምፅ ይሰማል፤ ጎረምሶቹ መጨፈር ጀምረዋል። ገጹን አደሰ። ምንም። አደሰ። ስሟ ብቅ አለ። ዳኜ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«የትኛው ነህ አንተ?» ትላለች። «ጠዋት አግብቻለሁ አልክ፣ አሁን እመጣለሁ ትላለህ። ሁለቱም ዳኜ ይላል፣ ሁለቱም ከአንድ አድራሻ ነው የመጣው። ሁለታችሁም ማሞ ብትሆኑስ? ሊጫወትብኝ ቢሆንስ? አንተ ከሆንክ ቅዳሜ ቅዳሜ በር ዘግተን የምናደርገውን ንገረኝ። ያን ማሞ አያውቀውም። ሰውም አያውቀውም።»

እውነቷን ነው፣ ሰው አያውቀውም። ለተ ልጅ ሳለች ቀኝ ትከሻዋ ላይ የፈላ ውኃ ፈስሶባት ክንዷ ከጆሮዋ በላይ አይወጣም። ፀጉሯን መሥራት አትችልም። ጎረቤት ዘንድ ሄዳ ጠባሳዋን ማሳየት ታፍራለች። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ዳኜ ከጋራዥ ሲገባ እጁን በነጭ ጋዝ ያጥባል፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ ቀጥሎ በሎሚ። በሩን ይዘጋል። መጋረጃውን በልብስ መቆንጠጫ ይይዘዋል። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለተን ከእግሩ ሥር ያስቀምጥና ሹሩባ ይሠራታል፤ ሄርሜላ ነፍስ ካወቀች ወዲህ ደግሞ ተራዋን ትጠብቃለች። ብሎን የሚፈታ ጣት መጀመሪያ ይጎትት ነበር፤ በኋላ ለመደ፤ ቀጭኑን ሹሩባ እንኳ ሳያሳምማት ይዘልቀው ጀመር። ለተ ትስቅበታለች፤ «ፀጉሬ ናፍታ ናፍታ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ሻማ እንዳያስጠጋኝ» ትላለች። ሹሩባ የሚሠራ ወንድ! ጋራዡ ቢሰማ ስም አውጥቶ በቁሙ ይቀብረዋል። ማሞ ቢሰማ... ማሞ ቢሰማ ምን እንደሚል ሊያስበው አልፈለገም። ዳኜ በዚች ከተማ የራሱ የሚለው አንድ ነገር ቢኖረው ይህ ነበር። መሬቱን ወስደውበታል፣ ቤቱን ወስደውበታል፣ ስሙን ይፈርሙበታል፤ ቅዳሜን ግን የነካበት የለም።

ሰማያዊውን አየው። አንዴ የነገርከውን አይረሳም። ወደ አረንጓዴው ዞሮ ሊጽፈው ፈለገ፤ አረንጓዴው ቁልፍ የለውም። አድራሻዋን በቃሉ አያውቀውም፣ ፓኮው ተቀዷል፤ ከስክሪኑ ቢገለብጠውም ሌላ የሚልክበት ሣጥን የለውም፤ የሆቴሉን ስም አልተነገረውም። በዓል ነው፣ ኢንተርኔት የሚያከራየው ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያደረጉት እሱና የሚወዱት ሰዎች ናቸው። አንድ በር ብቻ እስኪቀር ድረስ ተጠንቅቀዋል፤ የቀረው በር የማሞ ነው።

ጻፈ። ስለ ነጭ ጋዙ ጻፈ፣ ስለ ሎሚው፣ ስለ መቆንጠጫው ጻፈ። ሹሩባ የሚለውን በፈረንጅ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ስላላወቀ ሦስት ጊዜ አጠፋና ጻፈው። ስለ ናፍታው ጻፈ፣ ስለ ሻማውም። «እኔ ነኝ ለተ። ነገ ባል አለኝ በዪ» ብሎ ጨረሰ። ላክ የሚለውን ተጫነ። ትንሿ የአሸዋ ሰዓት ስክሪኑ ላይ መገልበጥ ጀመረች።

መኝታ ቤቱ ውስጥ የስልክ እጀታ ሲነሳ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። «ሃሎ? ሃሎ? ምንድነው ይህ የሚንጣጣው?» ዓለሚቱ ናት። ጉልበቷን አሟት ታቦቱ ከመግባቱ በፊት በታክሲ ተመልሳ በጓሮው በር ገብታለች፤ ለዚያ በር ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት። የስልኩን ማቋረጫ ደጋግማ ቁልቁል ስትጫን ተሰማ። ማሽኑ ተንቋቋና መስመሩ ተቋረጠ። የአሸዋ ሰዓቷ ባለችበት ደርቃ ቀረች፤ ሥሯ ጽሑፉ ሁሉ እንደተኮለኮለ ነው። «ሃሎ፣ እህቴ! እንኳን አደረሰሽ! አይ ጉልበቴ ነዋ...» አለች ዓለሚቱ፣ ሰፊ ወሬ ውስጥ ለመቀመጥ እንደሚዘጋጅ ሰው። ዳኜ የሚያደርገው ጠፋው። ቴሌቪዥን በምን ይጠፋል? በቁልፉ። የስክሪኑን ቁልፍ ተጫነ፤ ጠቆረ። ጠፋ ብሎ ዳንቴሉን አለበሰው፣ ሮዙን ጠርዝ ወደ ፊት አደረገ። ከሥሩ ያለው ሣጥን ግን መብራቱን አላጠፋም፣ ያንጎራጉር ነበር። እሱን አላየውም።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለች ዓለሚቱ፣ ወሬዋን ጨርሳ ጉልበቷን ይዛ ስትወጣ።

«አቧራ ስጠርግ እትዬ።»

«በባዶ እግርህ? ይልቅ ና ሽንኩርቱን ላጥልኝ፣ ዶሮው ይጠብቃል።»

ሽንኩርት ላጠ። ዓለሚቱ ሳሎኑ ውስጥ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፣ ከዚያም አልተነሣች። ዳኜ ግን እየላጠ ራሱን ያጽናና ነበር። ላክ የሚለውን ተጭኛለሁ። የአሸዋ ሰዓቷ ተገልብጣለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ፖስታ ሣጥን ውስጥ የጣልከው ደብዳቤ የፖስተኛው ነው፣ አንተ ብትሞት እንኳ ይደርሳል። ለተ አሁን እያነበበች ነው። «እሱ ነው» እያለች ነው። ዓይኑ ያለቅሳል፤ ለሽንኩርቱ ምስጋና ይግባውና ማንም አልጠየቀውም።

እነማሞ የተመለሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ማሞ ነጠላውን ሳያወልቅ ዳንቴሉን ገለጠ፤ ዱባይ በዓላችንን አያውቅም፣ ዕቃው ተጭኖ እንደሆን አያለሁ አለ። ዳኜ ከጓሮው በኩል በመጋረጃው ስንጥቅ የወንድሙ ፊት ላይ ሰማያዊ ብርሃን ሲፈነጥቅ አየ። ማሞን የፈረንጅ ፊደል አማርኛ ያዞረዋል። «ቤቲ!» ብሎ ተጣራ። «ነይ ይህን አንብቢልኝ።» የሳሎኑ በር ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የተሰማው የቤተልሄም ጉምጉምታ ብቻ ነው፤ ይቆማል፣ «ቀጥይ» ይባላል፣ ይቀጥላል። በመጨረሻ የዓለሚቱ ሳቅ መጣ፤ በነጠላ የታፈነ፣ በአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ።

ማዕዱ ቀረበ። በበዓል ቀን ዳኜም ከእነሱ ጋር ይቀመጣል፣ ማሞ ይህን አይከለክልም። ጸሎት ተደረገ። የሚሰማው የጣት ድምፅና የአጥንት ድምፅ ነው። ቤተልሄም እንጀራዋን ትቆርሳለች፣ አትጎርስም። ዓለሚቱ ሻሿን ወደ ኋላ ሸርተት አድርጋ ፀጉሯን ዳሰሰች።

«እኔ የምልህ ዳኜ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይህን ያህል እጅ ካለህ ለፀጉር ሠሪ ያወጣሁት አያሳዝንም? እስቲ ለፋሲካ ሥራኝ። ብቻ ናፍታውን አደራ፣ ሻማ አበራለሁ።»

ዳኜ እጁን ከማዕዱ አነሣ። ጣቶቹን አያቸው፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ዛሬ ውኃና ሽንኩርት ብቻ ስለነካ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማሞ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር። ማሞ ያፈረ ሰው ፊት ነበረው፤ አባታቸው ከመቃብር ተነሥቶ የሰማ ይመስል አቀርቅሯል።

«ሄዷል?» አለ ዳኜ። የጠየቀው ቤተልሄምን ነው።

ልጅቷ ቀና አላለችም። «አልሄደም አጎቴ። መስመሩ ተቋርጦ... ገጹ ላይ እንዳለ ነው የቀረው።» ከዚያ ጨመረች፣ የማይጠቅም ነገር መሆኑን እያወቀች፤ «ስክሪኑን ነው ያጠፋኸው። ኮምፒዩተሩን አይደለም።»

«በቃ!» አለ ማሞ። ከኮት ኪሱ የተጠቀለለ ግራጫ ገመድ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው፤ ማሽኑን ከስልኩ የሚያገናኘው ገመድ ነው። «ለአንተ ብዬ ነው። ለእኔ ብቻ መስሎህ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። የእሷ ወሬ ከዚህ ቤት ከወጣ አንተንም እኔንም ልጄንም ነው የሚበላን። ነገ ይለፍ። ነገ ካለፈ ሁሉም ይረሳል። የዚያም... የፀጉሩም ነገር ከዚህ ማዕድ አይወጣም። ቤተሰብ ነን።»

ነገ ይለፍ። ለተ አሁን ከዚያ ኮምፒዩተር አጠገብ ናት፤ ገጹን ታድሳለች፣ ታድሳለች። ቅዳሜን ማሞ አውቆታል፣ ዓለሚቱ አውቃዋለች፣ ነገ እህቷም በስልክ ታውቀዋለች፤ የማታውቀው እንድታውቅ የተጻፈላት ብቻ ናት። ዳኜ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር ራሱም እርግጠኛ አይደለም። ሊሰድብ ይሆናል፣ ገመዱን ስጠኝ ብሎ ሊለምን ይሆናል፣ አንድ ጊዜ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ዳኜ አልተስማማም ሊል ይሆናል። ማሞ ግን የተከፈተ አፍ ሲያይ የሚያደርገውን ያውቃል። ለአባወራ የተቀመጠለትን ፈረሰኛ ከራሱ ፊት ቆርሶ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ፣ እጁን ዘርግቶ የወንድሙ ከንፈር ላይ ያዘው። የታላቅ ወንድም ጉርሻ፣ በማርያም ቀን፣ ልጅ እያየች። እምቢ የሚባል አይደለም። ዳኜ ጎረሰ። ትልቅ ነበር፣ ጉንጩን ሞላው፣ ዓይኑን ውኃ አመጣበት። ያኝከዋል፣ አያልቅም።

«አንድ ያጣላል» አለ ማሞ፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለ።